ሙያችሁ ከሊስቱ ሲወጣ፦ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ ወይስ ጀርመን?

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ደወለችልኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም። «ሙያሽ ከሊስቱ ወጥቷል አሉኝ። በቃ አለቀልኝ ማለት ነው?»

«የየትኛው ሀገር ሊስት?» አልኳት።

ዝም አለች። ያረዳት ሰው እሱን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሊስት የምንለው አንድ ሀገር ለሥራ ቪዛ የሚቀበላቸውን ሙያዎች ዝርዝር ነው።

ሼፍ ናት። አዲስ አበባ በዲፕሎማ ተመርቃ 2 ዓመት እዚሁ፣ 4 ዓመት ደግሞ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሠርታለች። ዕድሜዋ 31 ነው፤ አላገባችም። ያን ሰሞን ማታ ማታ በስልክ እየተገናኘን አራት ሀገሮችን አንድ በአንድ አየን። አንዱ ነገር አስገረመኝ። እንግሊዝ በ2025 ሼፍን ከዝርዝሯ አስወጣች። በዚያው ዓመት ካናዳ ኩክን (ምግብ አብሳይን) አስገባች። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አንዱ ሀገር በሩን ሲዘጋ ሌላው እየከፈተ ነበር። የሷ ጆሮ የደረሰው ግን የመዘጋቱ ወሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ሙያዬ ሊስቱ ላይ አለ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ ብዙ ርቀት አያስኬድም። ሁለት ጥያቄ ጨምሩበት። ሊስቱን የሚያዩብኝ በየትኛው ቀን ነው? ማመልከቻ ባስገባሁበት፣ ግብዣ («ማመልከት ትችላለህ» የሚል ጥሪ) በደረሰኝ ወይስ ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን? ቀጥሎ ደግሞ፦ ሙያዬ ነገ ቢወጣ እጄ ላይ ምን ይቀራል? አራቱን ሀገሮች የማወዳድረው በእነዚህ ነው። ስለ አየሩ፣ ስለ ደመወዙና ስለ ሐበሻው ብዛት ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

እንግሊዝ፦ ሁሉም ነገር በአሠሪው እጅ

ጁላይ 22 ቀን 2025 እንግሊዝ ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የምትጠይቀውን የሙያ ደረጃ ወደ ዲግሪ ደረጃ ከፍ አደረገች። ከ100 በላይ ሙያዎች በአንድ ቀን ወጡ። ሼፍም አብሮ ሄደ። አጠቃላይ የደመወዝ ወለሉ ከ38,700 ፓውንድ ወደ 41,700 ወጣ። ብዙ የኛ ሰው ተስፋ ያደረገበት የአረጋውያን ተንከባካቢ ሥራም ከውጭ ለሚመጣ ሰው የተዘጋው በዚያው ቀን ነው። እርግጥ እሱ በር ቀደም ብሎ መጥበብ ጀምሮ ነበር። ከማርች 2024 ጀምሮ ተንከባካቢ ሆኖ የሚገባ ሰው ልጅና የትዳር ጓደኛ ይዞ መምጣት አይችልም ነበር።

እዚህ ሀገር ወሳኙ ቀን የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬቱ፣ ማለትም አሠሪው ለቪዛችሁ የሚሰጣችሁ ማረጋገጫ፣ የተሰጠበት ቀን ነው። አሠሪያቸው ከጁላይ 22 በፊት ሰርተፊኬት የሰጣቸው ሰዎች በድሮው ሕግ ታዩ። «በሚቀጥለው ሳምንት ይሰጥሃል» የተባሉት ቀሩ። በአንድ ሳምንት ልዩነት።

እጅ ላይ የሚቀረውስ? ከእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና ከሰነዶቻችሁ በቀር ብዙም የለም። የተጠራቀመ ነጥብ የለም፤ የምትጠብቁበት ወረፋ የለም። አሠሪው ካለ አላችሁ፤ ከሌለ የላችሁም። ገብታችሁም ቢሆን አሠሪው ከውጭ ሰው የማስመጣት ፈቃዱን ከተነጠቀ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው።

ደላላ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰርተፊኬቱ የአንድ አሠሪ ወረቀት ስለሆነ ለመሸጥ ይመቻል። የእንግሊዝ ሕግ ግን አሠሪው የሰርተፊኬቱን ክፍያ ወደ ሠራተኛው እንዳያዞር ይከለክላል። ሰርተፊኬት በዋጋ የሚያቀርብላችሁ ሰው ወይ ሕግ እየጣሰ ነው፣ ወይ የሚሸጠው ነገር የለውም።

ነርስ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ፕሮግራመር ከሆናችሁና እውነተኛ አሠሪ ካገኛችሁ እንግሊዝ አሁንም ጥሩ ነው፤ ፈጣንም ነው። ከዲግሪ በታች በሆነ ሙያ ግን አሁን ገንዘብ ባታወጡበት እላለሁ። ጥቂት ሙያዎች የያዘ ጊዜያዊ የእጥረት ዝርዝር አለ፤ እስከ 2026 መጨረሻ ተብሎ የወጣ ነው። ቤተሰብ ይዞ መግባትም አይፈቅድም። በጊዜያዊ ዝርዝር ላይ ቤት አይሸጥም።

ካናዳ፦ ዋናው በርና የጎን በሮቹ

የካናዳው ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው የቋሚ ነዋሪነት ውድድር ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው። ፕሮፋይል ትከፍታላችሁ፤ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቋንቋና በልምድ ነጥብ ተሰጥቷችሁ ከሌላው ሰው ጋር ትደረደራላችሁ። ከጁን 2023 ወዲህ ደግሞ መንግሥት ለተወሰኑ ምድቦች ብቻ የተለየ የግብዣ ዙር ያወጣል። ጤና፣ ቴክኖሎጂ፣ የእጅ ሙያ፣ እንዲሁም ፈረንሳይኛ ቋንቋ። ሰው «ሊስቱ ተቀየረ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለነዚህ ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 የትራንስፖርት ምድብ ወጣ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ደነገጡ። ትምህርት ገባ። ኩክም የእጅ ሙያው ምድብ ውስጥ ገባ። ምድቦቹ በየጊዜው ስለሚከለሱ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሌላው ይደነግጣል።

ከእንግሊዝ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከምድቡ መውጣት ከውድድሩ መውጣት አይደለም፤ የተዘጋው የጎን በር ነው። ሾፌሩ ፕሮፋይሉ እዚያው አለ፤ ነጥቡም አለ። አንድ ክፍለ ሀገር ከመረጠው 600 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ያ ደግሞ ግብዣውን አገኘ እንደማለት ነው። ወሳኙ ቀን ግብዣው የወጣበት ዙር ነው። ግብዣው ከደረሳችሁ በኋላ 60 ቀን አላችሁ። መንግሥት በማግሥቱ ምድቡን ቢቀይር እናንተ አልፋችኋል።

እንግዲህ መጥፎውን ልንገራችሁ። በዋናው በር የሚጠየቀው ነጥብ በ2024 ከ500 በላይ ነበር። ካናዳ ውስጥ ላልተማረና ላልሠራ ሰው ያ ከባድ ነው። በዚያው ዓመት ግን ፈረንሳይኛ ለሚችሉ የወጡ ዙሮች ከ400 በታች የወረዱበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ደጃፍ የምታልፉ ሰዎች፣ አንድ ቀን ገባ በሉ። ሙያ ከሊስት ይወጣል፤ ፈረንሳይኛ ግን ለካናዳ የፖለቲካ ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ ይወጣል ብዬ አላስብም። ይሄ የኔ ግምት ነው። ቋንቋው ለዚህ ደረጃ እስኪደርስ ከዓመት በላይ እንደሚፈጅ ግን አትርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ካናዳ ያለ አሠሪ የጻፈው የሥራ ቅጥር ደብዳቤ በዚህ ውድድር 50 ወይም 200 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ነጥብ ቀርቷል። አሁንም «ጆብ ኦፈር ልግዛልህና ነጥብህ ይጨምር» የሚል ሰው ካለ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ነው የያዘው።

አውስትራሊያ፦ አንድ ሀገር፣ ብዙ ሊስት

እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ግራ መጋባቱ የሚበዛው እዚህ ነው።

በኤፕሪል 2017 የአውስትራሊያ መንግሥት በአንድ ሌሊት 216 ሙያዎችን ሰረዘ። ዝርዝሩ ከ651 ወደ 435 ወረደ። በዚያ ቀን የሁለት ሰዎችን ዕጣ አስቡ። አንዱ አሠሪው ያመለከተለት፣ ወረቀቱ ቢሮ ገብቶ ውሳኔ የሚጠብቅ ነው። ሌላው በነጥብ ተወዳድሮ ግብዣ የደረሰው ነው። ሙያቸው ያው ነው፤ ተሰርዟል። የመጀመሪያው ቀረ። ሁለተኛው አለፈ። አንደኛው ሊስቱን ያዩበት በውሳኔው ቀን ነው፤ ለሁለተኛው ግብዣ በደረሰው ቀን ያዩለት በቂ ነበር።

ስለዚህ አውስትራሊያን ስትመርጡ በተግባር የምትመርጡት ከአራት መንገዶች አንዱን ነው። በቁጥር ነው የሚጠሯቸው፤ 189፣ 190፣ 491 እና 482።

189 የማንም ስፖንሰር አያስፈልገውም፤ ገና ስትገቡ ቋሚ ነዋሪ ናችሁ። 190ም ቋሚ ነው፤ ግን አንድ ስቴት ሊመርጣችሁ ይገባል፤ 5 ነጥብም ይሰጣችኋል። 491 የ5 ዓመት ቪዛ ነው፤ ከሲድኒ፣ ከሜልቦርንና ከብሪስቤን ውጭ ነው የምትኖሩት። 15 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ3 ዓመት በኋላ ወደ ቋሚነት ያሻግራል። «ገጠር ይልኩኛል» ብላችሁ አትፍሩ። ፐርዝና አዴሌድ ሳይቀሩ በዚህ ቪዛ ይኖርባቸዋል። 482 ደግሞ አሠሪ ስፖንሰር ሲሆናችሁ የሚሰጥ ነው።

አሁን ልብ በሉ። በዲሴምበር 7 ቀን 2024 አዲስ ዝርዝር ወጣ፤ 456 ሙያዎች አሉበት። ያ ዝርዝር የሚሠራው ለ482ና ለቋሚው የአሠሪ ቪዛ ነው። የነጥቦቹ ቪዛዎች በድሮዎቹ ዝርዝሮች ነው የቀጠሉት። ስለዚህ አንድ ሙያ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ሊኖር ይችላል። «ከአውስትራሊያ ሊስት ወጣህ» ለሚላችሁ ሰው መልሱ «ከየትኛው?» ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ምርጫ በየዓመቱ ያወጣል፤ ዓመታቸው ጁላይ 1 ይጀምራል። ሜልቦርን የማትፈልገውን ሙያ አዴሌድ ልትፈልግ ትችላለች።

የአክስቴን ልጅ ነጥብ አብረን ደመርን። ዕድሜዋ ከ25 እስከ 32 ስለሆነ 30። ዲፕሎማዋ 10። ከ5 እስከ 7 ዓመት የውጭ ልምድ 10። ያላገባ ሰው 10 (ሠርግ ለመሰረዝ ግን ምክንያት አይሆንም፤ እናቷም አትሰማም)። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 7 ካመጣች ሌላ 10። ድምር 70። ማለፊያው 65 ነው። በ190 ወደ 75፣ በ491 ወደ 85 ትወጣለች።

ደስ አላት። እኔ ትንሽ ቀዝቀዝ አደረግኋት። 65 ለመወዳደር የሚያበቃ ነው እንጂ ግብዣ የሚያመጣ አይደለም፤ ሰው በበዛበት ሙያ ብዙ ከፍ ይላል። ሙያ መዛኙ ድርጅት ደግሞ ከልምዷ ሊቀንስባት ይችላል፤ ከ5 ዓመት በታች ካደረገው 10ሩ 5 ይሆናል። 33 ዓመት ስትሞላም 5 ነጥብ ትቀነሳለች። ሰው ሊስቱን ሲጠባበቅ ልደቱን ይረሳል።

ሌላም አለ። ሼፍና ኩክ አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የሙያ ኮዶች ናቸው። ሼፍ ለ189ም ይሆናል። ኩክ ግን 190 ወይም 491 ብቻ ነው፤ ስቴት ከፈለገው። የሚወስነው ደረታችሁ ላይ ያለው ባጅ አይደለም፤ በየቀኑ የምትሠሩት ሥራ ነው። ሜኑ ታወጣላችሁ? ሠራተኛ ትመድባላችሁ? ዕቃ ታዛላችሁ? ወይስ የተሰጣችሁን ታበስላላችሁ? ሊስት ሲቀየር ሰው ሌላ ሙያ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ በትክክል የሚገልጸው ኮድ የቱ እንደሆነ እዩ እላለሁ። ያልሠራችሁትን ሥራ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተያዘ የቪዛው ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉት ዓመታት ጣጣ ነው።

482ን ለማን እመክራለሁ? ዕድሜው 45 ለሞላ። በነጥቦቹ ቪዛዎች ከ45 በታች መሆን ግድ ነው፤ 482 የዕድሜ ገደብ የለውም። በጁላይ 2025 በወጣው ወለል አሠሪው የሚከፍለው ደመወዝ በዓመት ቢያንስ 76,515 የአውስትራሊያ ዶላር መሆን ነበረበት። ከወለሉ በታች የሚያቀርብላችሁን አሠሪ አትመኑት። ሥራው ቢቋረጥ ሌላ ለመፈለግ 180 ቀን ይሰጣል፤ ከእንግሊዝ 60 ቀን ጋር አስተያዩት።

ጀርመን፦ ሊስቱ ዋጋ ነው የሚቀንሰው

ጀርመን ላይ አጭር ነኝ፤ ምክንያቱም ሊስት እዚያ ያን ያህል አያስፈራም። የብሉ ካርድ ቪዛ ዲግሪና የሥራ ቅጥር ይጠይቃል። በ2025 የደመወዙ ወለል በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር። ሙያችሁ የእጥረት ዝርዝር ላይ ካለ ግን 43,759.80 ይበቃ ነበር። ሙያው ከዝርዝሩ ቢወጣስ? አሠሪያችሁ በዓመት 4,500 ዩሮ ገደማ ይጨምራል፤ በቃ። በሩ አይዘጋም። ከተመረቁ 3 ዓመት ያልሞላቸው ደግሞ ሊስቱ ላይ ባይኖሩም በዝቅተኛው ወለል ይገባሉ። ወለሉ በየጃንዋሪው ስለሚከለስ የዓመቱን ቁጥር እዩ።

ቻንስንካርተ የሚባለው ከጁን 2024 የጀመረው ሥራ ፈላጊ ቪዛ ደግሞ ሙያችሁ ሊስት ላይ እንዲኖር ግድ አይልም። 6 ነጥብ ካላችሁ ለ1 ዓመት ይሰጣል። መጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ ወይም ጥሩ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ማነቆው ገንዘቡ ነው። በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ተሰልቶ የ12 ወሩን ማሳየት ይጠየቅ ነበር፤ ከ13,000 ዩሮ በላይ ማለት ነው። ብር በጁላይ 2024 ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ከአዲስ አበባ በብር የሚያጠራቅም ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ከገልፍ የሚያጠራቅም ይሻለዋል።

እንደ ሼፍ ባለ ሙያ ደግሞ የትምህርት ማስረጃው በጀርመን ሚዛን መታወቅ አለበት፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ለነርስም እንዲሁ ነው፤ ጀርመንኛውም ጠንከር ያለ ነው። ግን ቋንቋውን የተማረ ነርስ በሊስት መቀየር አይደነግጥም።

ሊስት የማይነካው ነገር

የትኛውንም ሀገር ብትመርጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛችሁ የምትዞሩት ነገር አለ። መጀመሪያ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ፤ ኤጀንት ኋላ ይደረስበታል።

የቋንቋ ፈተናው ዕድሜ አለው። ካናዳ 2 ዓመት ትቀበላለች፤ አውስትራሊያ ለነጥቦቹ ቪዛዎች 3 ዓመት። የካናዳ የትምህርት ግምገማ 5 ዓመት ይቆያል። የአውስትራሊያ የሙያ ምዘና አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ነው። ሊስት ተከፈተ ሲባል ምዘና የሚጀምር ሰው፣ ምዘናው ሲያልቅ ሊስቱ ተዘግቶ ያገኘዋል። አስቀድሞ የጨረሰው በዚያው ሳምንት ያስገባል። አውስትራሊያ ላይ ፍላጎታችሁን መመዝገብ ነጻ ነው፤ 2 ዓመትም ይቆያል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ግን የኛ ነገር ያሳዝናል። «በቆይታቸው በታማኝነትና በትጋት አገልግለዋል» ብሎ ማኅተም። ፈረንጁ ትጋታችሁን አይመዝንም። የሥራ ዝርዝራችሁን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ደመወዛችሁን፣ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን ነው የሚፈልገው። የግብርና የጡረታ ማስረጃ ካላችሁ አብራችሁ ያዙ።

ቀኑንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ራሳችሁ አስሉ። ሁሌ 8 መደመር ስህተት ነው። መስከረም 2010 ማለት ሴፕቴምበር 2017 ነው፤ ጥር 2010 ግን ጃንዋሪ 2018። በዚህ አንድ ስህተት የሰው 1 ዓመት ልምድ ሲጠፋ አይቻለሁ። የስም አጻጻፍም እንደዚሁ። ጸጋዬ ፓስፖርቱ ላይ በቲ ጀምሮ ዲፕሎማው ላይ በኤስ ከጀመረ ሁለት ሰው ነው። ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉት።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

ነርስ ከሆናችሁ አራቱም ሀገር ይፈልጓችኋል፤ ምርጫው የቋንቋና የምዝገባ ፈተና ነው። ሊስቱን ትታችሁ እሱን አጥኑ። ፕሮግራመር ከሆናችሁና ዲግሪ ካላችሁ ጀርመንን አስቀድሙ። ዲግሪው ባይኖርም በሙያው 3 ዓመት ልምድ ያለው ሰው የብሉ ካርድ ዕድል አለው። አካውንታንት አውስትራሊያ ሊስት ላይ መኖሩ አያታልላችሁ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሾፌር የካናዳን ክፍለ ሀገራት ይከታተል። ዕድሜያችሁ ወደ 45 እየተጠጋ ከሆነ ግን ነጥብ አትጠብቁ፤ አሠሪ ፈልጉ።

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝን ሰረዘችው። አውስትራሊያን አንደኛ፣ ካናዳን ሁለተኛ አድርጋለች፤ ለሁለቱም የሚያስፈልገው ወረቀት ብዙው አንድ ነው። አይኤልትስ ተመዝግባለች። የዱባዩ ሆቴል የጠየቀችውን ደብዳቤ በ3 ቀን ጻፈላት፤ ሥራዋን አንድ በአንድ ዘርዝሮ።

የአዲስ አበባው ትናንት መጣ። ሁለት መስመር ነው። «በትጋት አገልግላለች» ይላል። መልሰን ልከነዋል።